ወንድሜ የላከልኝ የሌዘር ማሽን ፊደሉን ያጠቁርብኛል፤ ከየት ልጀምር?

ሰብሊ ዘአዳማ

ሰላም ለሁላችሁም። ወንድሜ ከዱባይ ትንሽ የሌዘር መቅረጫ ማሽን ላከልኝ። ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥ፣ ዙሪያዋ ክፍት የሆነች ናት። ካርቶኑ ላይ በትልቁ 40 ዋት ይላል። መመሪያው ውስጥ ደግሞ በደቃቅ ጽሑፍ 10 ዋት የሚል አየሁ። የቱን ልመን?

ያሰብኩት ሥራ የሠርግና የምርቃት ስጦታ ነው። ስም የተጻፈበት ቁልፍ መያዣ፣ የስኒ ማስቀመጫ፣ ረከቦት ላይ የቤተሰብ ስም፣ ቢሳካ ደግሞ ፔርሙዝ ላይ ጽሑፍ። ሰፈራችን ያለ አናጺ ቁርጥራጭ ይሰጠኛል። ዋንዛው፣ ጥዱ፣ ኮምፔንሳቶው ተቀላቅሎ ነው የሚመጣው።

ማሽኗ ትሠራለች፤ ጽሑፉ ግን አያምርም። ትንንሽ ፊደል ላይ ክፍተቱ ይሞላል፤ «ጬ»ን ከ«ጨ» መለየት አይቻልም። ዙሪያው ቡናማ ጥላሸት ይይዛል፣ በጨርቅ ስጠርገው ይባስ ይሰራጫል። አንዱ ጣውላ ላይ ጥሩ የወጣው ሌላው ላይ አይታይም፣ ሦስተኛው ላይ ከሰል ይሆናል። ቁጥሩን የምገለብጠው ከቪዲዮ ነው፤ ፓወር 80፣ ስፒድ 3000 ይላሉ።

ያለችው ሳሎን ውስጥ ነው። እማዬ «ቤቱን ምጣድ የተረሳበት ማድ ቤት አስመሰልሽው» ትላለች። የእህቴ ልጅ 5 ዓመቱ ነው፤ ሰማያዊውን ብርሃን ለማየት እየሮጠ ይመጣል። አብሯት የመጣ አረንጓዴ መነጽር አለ፣ እሱ ይበቃል?

አንድ የመጨረሻ። ብርጭቆ ላይ ሞከርኩ፣ ምንም የለም። ብርሃኑ አልፎ ጠረጴዛውን አቃጠለው። ማሽኗ ተበላሽታ ይሆን?


የጣና ኤሌክትሪሻን

እንኳን ደስ አለሽ። ሌላው ሁሉ ይቆይና ልጁን ከክፍሉ አስወጪው። ይሄ ቀልድ አይደለም። እንዳንቺው ያለ ክፍት የሆነ የዳዮድ ሌዘር ክላስ 4 ነው፤ ከደረጃዎቹ ሁሉ ከፍተኛው። ቀጥታው ብቻ ሳይሆን ከሚያብረቀርቅ ነገር ነጥሮ የሚመለሰውም ዓይን ያጠፋል፤ ከዓይን ጨፈና ይፈጥናል።

መነጽሩን አንሺና መስተዋቱ ወይም ፍሬሙ ላይ የታተመ ነገር ፈልጊ። ያንቺ ማሽን ሰማያዊ ብርሃን ነው የምትተፋው፣ 450 ናኖሜትር አካባቢ። መነጽሩ ላይ 450ን የሚያካትት ቁጥር፣ ከጎኑም «ኦዲ» (OD፣ ብርሃኑን ምን ያህል እንደሚያስቀር የሚናገር ቁጥር) 5 ወይም ከዚያ በላይ መኖር አለበት። ምንም ካልተጻፈበት የፀሐይ መነጽር አድርገሽ ቁጠሪው።


ማህተም ቀራጩ

ሰብሊ ልጄ፣ እኔ ፒያሳ ማህተም ስቀርጽ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ድሮ በስለት ነበር፣ ፊደሉን ገልብጠን። ዛሬ ሱቄ ውስጥ ሁለት ሌዘር አለ፣ አንደኛው ያንቺው ዓይነት ነው። ያ ወንድማችን ስለ ዓይን የነገረሽን ሁለት ጊዜ አንብቢው፤ እኔ ወደ ሥራው ልግባ።

ዋቱን በአጭሩ። 40 የሚለው ማሽኗ የምትበላው መብራት ነው። እንጨቱ ላይ የሚያርፈው ብርሃን 10 ዋት ነው። አልተታለልሽም፤ ትልቁን ቁጥር ካርቶን ላይ መለጠፍ የዚህ ንግድ ልማድ ነው። ላሰብሽው ሥራ 5 ዋትም ይበቃ ነበር። ወፍራም ጣውላ መቁረጥ ካማረሽ ነው ትልቅ ዋት የሚያስፈልግሽ።

አሁን ወደ ዋናው። ያንቺ ችግር ማሽኗ ውስጥ የለም፤ አናጺው የሚሰጥሽ ጆንያ ውስጥ ነው ያለው። ሦስት ዓይነት እንጨት በአንድ ቁጥር ትቀርጪያለሽ፣ ከዚያ ለምን ተለያየ ትያለሽ። እንዴት አይለያይ?

ዋንዛን ውሰጂ። ለስላሳ ነው፣ ቀለሙ ብዙም አይጠቁርም፣ ሌዘሩ ሲያርፍበት ጽሑፉ ጎልቶ ይታያል። የጀማሪ እንጨት ብትይኝ ዋንዛ ነው። ጥድ ሽታው ደስ ይላል፣ ግን ሙጫ አለው። ደግሞ በአንዱ ጣውላ ውስጥ ለስላሳና ጠንካራ መስመር እየተፈራረቀ ነው የሚሄደው። ለስላሳው ጠልቆ ይቃጠላል፣ ጠንካራው ይቀራል። ጽሑፍሽ ላይ ዥንጉርጉር የሚያወጣው እሱ ነው፤ በፓወር አታስተካክይውም። ወይራ ካመጣልሽ አስቀምጪው፤ ድርቅ ያለ ነው፣ በዚያ ላይ ጠቆር ስለሚል ጽሑፉ አይለይም። ጢሱም ቢሆን ለእርጎ ዕቃ ነው የሚያምር፣ ለሳንባ አይደለም። ቀርከሃ ካገኘሽ ግን ያዢው፤ ብሩህ ነው፣ ጽሑፉ ቁልጭ ብሎ ይወጣል።

ኮምፔንሳቶ መልካም ነው፣ ብቻ ሙጫው እንደ አምራቹ ይለያያል። ኤምዲኤፍም እንደዚያው፤ እሱ እንዲያውም በሙጫ የተጋገረ ዱቄት ነው፣ ሲቃጠል ፎርማልዲሃይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ሳሎን ውስጥ በፍጹም።

ስለዚህ አናጺውን «ዋንዛ ብቻ ለይልኝ» በይው። ቁርጥራጭ ስለሆነ አይጎዳውም። አንዱን እንጨት እስክትጠግቢው ሥሪበት፤ ወደ ሌላው ከዚያ በኋላ ትሄጃለሽ። ስንት ልጅ አይቻለሁ፣ ቆዳም ቀንድም ድንጋይም በአንድ ሳምንት ሞክሮ ማሽኑን አቧራ ያለበሰ።

ከቪዲዮ ቁጥር መገልበጥ ተዪ። እነሱ የሚቀርጹበት እንጨት አዳማ የለም። ይልቅ ከዚያው ከዋንዛሽ ላይ አንድ ሰፊ ቁራጭ ውሰጂ። 25 ትንንሽ ካሬ ሥሪበት፣ አምስት በአምስት፣ እያንዳንዱ 8 ሚሊሜትር ይሁን። ወደ ታች ስፒዱን (በደቂቃ ስንት ሚሊሜትር እንደምትሄድ ነው) ከ1000 እስከ 5000 ቀያይሪ፣ ወደ ጎን ፓወሩን ከ20 እስከ 100 በመቶ። ሲያልቅ የትኛው ካሬ ቆንጆ ቡናማ እንደሆነ በዓይንሽ ታያለሽ። ቁጥሩን በእስኪሪብቶ እዚያው እንጨቱ ላይ ጻፊና ግድግዳ ላይ ስቀዪው። የኔ ሱቅ ግድግዳ በእንደዚህ ዓይነት ሰሌዳ የተሞላ ነው። ደንበኛ ጌጥ ይመስለዋል፣ አንዱማ ልግዛው ብሎኛል።

ፊደሉ የሚሞላብሽ በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ፎከስ። አብሯት የመጣች ትንሽ የብረት ወይም የፕላስቲክ መለኪያ አለች አይደል? የሌዘሩን ጭንቅላት እሷ ላይ አሳርፈሽ ነው የምታስሪው። ጣውላው ውፍረቱ በተቀየረ ቁጥር እንደገና መለካት አለብሽ፤ የተቀላቀለ ቁርጥራጭ ላይ ብዙ ሰው ይሄን ይዘላል። ፎከሱ ልክ ሲሆን የብርሃኑ ነጥብ 0.1 ሚሊሜትር አካባቢ ናት። ከራቀ ትሰፋለች፤ ስትሰፋ የ«ጬ» ቀለበት ይዘጋል።

ሁለተኛው የመስመሩ ጥግግት። ነጥቧ 0.1 ከሆነች መስመሮቹን በ0.1 አራርቂ፣ በቃ። 0.05 ብታደርጊው የተቃጠለውን መልሰሽ ታቃጥያለሽ፣ ጊዜውም እጥፍ ነው። 10 በ6 ሴንቲሜትር የሆነ ሥራ በ0.1 ሲሆን 600 መስመር ይወጣዋል፣ ጠቅላላ 60 ሜትር መንገድ ማለት ነው። በ3000 ስፒድ 20 ደቂቃ፣ ጠርዝ ላይ መመለሻው ሲጨመር ትንሽ ከፍ ይላል። በ0.05 ግን 40 ደቂቃ። ዋጋ ስትተምኚ ይሄን ሂሳብ አትርሺ፤ ሰው ቁልፍ መያዣው ትንሽ ስለሆነ ቶሎ የሚያልቅ ይመስለዋል።

የጥላሸቱ መድኃኒት ርካሽ ነው። ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበትን የወረቀት ፕላስተር ከመቅረጽሽ በፊት ጣውላው ላይ ለጥፊ፣ በካርድ እየዳመጥሽ አረፋውን አስወጪ። በላዩ ቅረጪ። ጢሱ ወረቀቱ ላይ ይቀራል፣ ስትልጪው ንጹሕ ነው። ፓወሩን ትንሽ ከፍ ማድረግ ይኖርብሻል፣ ወረቀቱም ድርሻውን ስለሚወስድ። ፕላስተር ካጣሽ በደረቅ ጨርቅ አትጥረጊ፤ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት የእንጨቱ መስመር በሄደበት አቅጣጫ ቀስ ብለሽ እሺው። የዓሣ ገንዳ አየር መንፊያ ፓምፕ ካለሽ ቱቦውን ጭንቅላቱ ጋ አስሪው። ለመቅረጽ ለስለስ ያለ ንፋስ ይበቃል፤ ብርቱ ንፋስ ስትቆርጪ ነው።

ሳሎኑን ለእናትሽ መልሺላት። በረንዳ ወይም መስኮት ያለው ትንሽ ክፍል ፈልጊ። ከኮምፔንሳቶ ሳጥን አሠሪ፣ ከኋላው ጢስ የሚስብ ፋን፣ ከፋኑ ቱቦ ወደ ውጭ። መስኮት መክፈት ብቻውን ጢሱን ወደ ጎረቤት ክፍል ነው የሚገፋው። ሳጥኑ ብርሃኑንም ይከልልልሻል፣ ስለዚህ ልጁም እናትሽም አንድ ላይ ይገላገላሉ። እየሠራች ትተሻት እንዳትሄጂ። ቡና እንኳን ቢፈላ። እሳት ከያዘ መጀመሪያ ከሶኬቱ ንቀያት፣ ትንሽ የእሳት ማጥፊያም አጠገብሽ ይኑር።

እና አንድ ምክር ከሙያዬ። ማሽን እንዳለሽ ከተሰማ «ማህተም ቅረጪልኝ» የሚል ይመጣል። ገንዘቡ ጥሩ ነው። የመሥሪያ ቤቱን ደብዳቤ ካላየሽ እንዳትነኪው፤ እኔ 30 ዓመት የማውቀውንም ሰው ደብዳቤ እጠይቃለሁ።


ሰብሊ ዘአዳማ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እንዲህ አብራርቶ የነገረኝ የለም። ዋንዛውን ዛሬ አስለየሁት፣ አናጺው «ደግሞ መምረጥ ጀመርሽ?» ብሎ ሳቀብኝ። መነጽሩ ላይ ምንም አልተጻፈም፣ ስለዚህ ሌላ እስካገኝ ማሽኗን አልከፍታትም።

እርስዎ ፊደሉን በምን ነው የሚጽፉት? እኔ ማተሚያ ቤት ያለች ጓደኛዬ በፍላሽ ስትልክልኝ ላፕቶፔ ላይ የእንግሊዝኛ ዝብርቅርቅ ሆኖ ይከፈታል። ብርጭቆውስ?


ማህተም ቀራጩ

እሱን ለወጣቶቹ ልተወው። እኔ ልጄ አዘጋጅቶ ይሰጠኛል፣ እኔ ማሽኑን ነው የማውቀው።


የሜሪላንዷ

ሰብሊዬ፣ ይሄ የኔ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ሆኜ ለክርስትናና ለሠርግ የአማርኛ ስም እቀርጻለሁ፣ ስለዚህ በፊደል ተፈትኛለሁ።

ዝብርቅርቁ የሚመጣው ጓደኛሽ ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል ኮድ) ባልሆነ የድሮ ፎንት ስለጻፈችው ነው። ፎንቱ አንቺ ጋ ከሌለ ኮምፒውተሩ የሚያየው የእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ ነው። ሁለት መንገድ አለ። ወይ እሷ ከመላኳ በፊት ጽሑፉን ወደ ቅርጽ ትቀይረው፤ ያን ጊዜ ፎንት አያስፈልገውም፣ ሥዕል ሆኗል። ወይ አንቺው ጻፊው። ኢንክስኬፕ ነጻ ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክም ነጻ ፎንት ነው። ኒያላ ደግሞ አማርኛ የተጫነበት የዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ አለ። ጽፈሽ ስትጨርሺ «ኦብጀክት ቱ ፓዝ» የሚለውን ንኪና ወደ ሌዘር ሶፍትዌርሽ ውሰጂው። አንዴ ከቀየርሽው ፊደል ማረም አትችዪም፣ ስለዚህ ስሙን ደንበኛዋ አይታ እሺ ካለች በኋላ ቀይሪ። «ሐና» ነው «ሃና»? ሁልጊዜ በጽሑፍ ነው የማስልካቸው። እናት በአንዱ፣ ልጅ በሌላው ትጽፋለች፣ ጣውላ ላይ ማጥፊያ የለም።

ፎንት ስትመርጪ መልኩን ብቻ አትይ። የብራና ጽሕፈት የሚመስሉት ቀጭንና ወፍራም ጭረት አላቸው፤ ትልቅ ሲሆኑ ግርማ አላቸው፣ ቁልፍ መያዣ ላይ ግን ቀጭኑ ይጠፋል ወፍራሙ ይሞላል። ለትንሽ ነገር ጭረቱ እኩል የሆነውን ያዢ። እኔ ከ5 ሚሊሜትር ያነሰ ፊደል አልቀበልም። «ቋ»፣ «ጬ»፣ «ሿ» ያለበት ስም ከሆነ ደግሞ ከፍ አደርገዋለሁ።

ብርጭቆው ላይ ማሽንሽ ምንም አልሆነችም። ሰማያዊ ብርሃን ግልጽ በሆነ ነገር ውስጥ ያልፋል፣ በመስኮት እንደሚያልፈው። ግልጽ አክሪሊክም አይሠራልሽም። ጥቁሩን አክሪሊክ ግን ትቀርጸዋለች። ለብርጭቆ የልጆች ጥቁር የውሃ ቀለም ቀቢው፣ ይድረቅ፣ በላዩ ቅረጪ። ቀለሙ ብርሃኑን ይይዛል፣ ሙቀቱ ብርጭቆውን ይጭረዋል። ከዚያ ታጥቢዋለሽ። ጭረቱ ነጣ ያለ ነው የሚወጣው፣ ለጠላ ብርጭቆ ያምራል። እኔ ግን ከብርጭቆ ይልቅ ነጭ ታይል እመርጣለሁ። ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ያለበት ነጭ ስፕሬይ ቀለም ትነፊበታለሽ፣ ትቀርጪያለሽ፣ ቀለሙን ታጥቢዋለሽ። ሌዘሩ ያረፈበት ቦታ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ለፎቶ ከዚህ የሚበልጥ አላየሁም።


የጣና ኤሌክትሪሻን

ሁለት ነገር ልጨምር፣ አንዱ ስለ መብራት ነው።

ሥራው መሀል ላይ መብራት ቢሄድ ላፕቶፕሽ በባትሪ ይቀጥላል፣ ማሽኗ ግን ቆማለች፣ የት እንደነበረችም ረስታለች። ጣውላውን ካነቃነቅሽው አለቀ። ስለዚህ ከማሽኗ ስር ያለው ሰሌዳ ላይ ከሁለት ቀጭን እንጨት ማዕዘን ሠርተሽ በምስማር ምቺ። ጣውላው ሁልጊዜ እዚያ ማዕዘን ውስጥ ይቀመጥ፣ ሥራውም ከዚያ ጥግ ይጀምር። ሌዘርጂአርቢኤል የሚባለው ነጻ ሶፍትዌር ከቆመበት መስመር የሚቀጥል ነገር አለው። መቶ በመቶ አይገጥምም፣ ግን ብዙ ጣውላ ያተርፋል። ከዚያ የተሻለው ለዴስክቶፕ ኮምፒውተር የሚሸጠው ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆየው ዕቃ) ነው። ለዋይፋይ የምንጠቀምባት ትንሿ ግን አትችላትም።

ላፕቶፑም በራሱ እንዳይተኛ ቅንብሩን አስተካክይ። ትእዛዙ በኬብል መስመር በመስመር ነው የሚላከው፤ ላፕቶፑ ሲያንቀላፋ ማሽኗም ትቆማለች።

ሁለተኛው የሚያስፈራኝ ነው። ሰው ሠራሽ ቆዳ፣ የቦርሳ ላስቲክ፣ የማስታወቂያ ስቲከር፣ የማታውቂው ፕላስቲክ ይመጣልሻል። ፒቪሲ (ክሎሪን ያለበት ፕላስቲክ) ከሆነ ሲቃጠል ሃይድሮጅን ክሎራይድ ያወጣል። ሳንባ ይበላል፣ የማሽኗንም ብረት ያዝጋል። መለያው ቀላል ነው። የመዳብ ሽቦ በጉጠት ይዘሽ እሳት ላይ አግዪው፣ ፕላስቲኩን ንኪበት፣ መልሰሽ እሳቱ ላይ አድርጊው። ነበልባሉ ደማቅ አረንጓዴ ከሆነ ክሎሪን አለበት፣ አትቅረጪው። ይሄን ደጅ ሆነሽ ነው የምትሞክሪው።

እውነተኛ ቆዳም ቢሆን የተቆረጠውን ጠርዝ እዪ። ውስጡ ግራጫ ወይም ሰማያዊ ከሆነ በክሮም የተለፋ ነው፣ ጢሱ መርዛማ ነው። ውስጡ ቡናማ የሆነውን፣ በዕፅዋት የተለፋውን ፈልጊ።


ሰብሊ ዘአዳማ

መነጽሩ ከአዲስ አበባ መጣልኝ፣ ቁጥሩ ታትሞበታል። 25ቱን ካሬ ሠራሁ። ለኔ ዋንዛ የሚስማማው ስፒድ 3000 ላይ ፓወር 40 ሆኖ ተገኘ! 80 ላይ እያቃጠልኩ ነበር ማለት ነው። በወረቀት ፕላስተር የሠራሁትን ቁልፍ መያዣ እማዬ ለቤተ ክርስቲያን ጓደኞቿ አሳይታ መጣች፤ ስለ ጢሱ አሁን ዝም ብላለች።

አሁን አንድ የምሩቃን ኮሚቴ 30 ፔርሙዝ ላይ ስም እንድጽፍ ጠየቀኝ። ጥቁር ቀለም የተቀባ ብረት ነው። ሲቀረጽ ፔርሙዙን የሚያሽከረክረው ዕቃ የለኝም። እምቢ ልበል?


ማህተም ቀራጩ

እምቢ አትበይ። ስሙን በፔርሙዙ ቁመት ልክ አስተኚው፣ ዙሪያውን እንዲሄድ አታድርጊ። 7 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው ፔርሙዝ ላይ 2 ሴንቲሜትር ስፋት ብትጠቀሚ፣ ጠርዙ ከአናቱ የሚወርደው 1.5 ሚሊሜትር ያህል ነው። ፎከሱን አናቱ ላይ ሳይሆን የዚያ ግማሽ ያህል ዝቅ አድርገሽ ያዢው፣ ሁሉም ቦታ ይደርሳል። ፔርሙዙ እንዳይንከባለል ከእንጨት ማቀፊያ አሠሪለት፣ አናጺሽ ይሄን በ10 ደቂቃ ይሠራዋል።

ሌዘሩ ቀለሙን ነው የሚያነሳው፣ ብረቱ ከስር ብሩህ ሆኖ ይወጣል። ያ ብረት ብርሃን ይመልሳል፣ ስለዚህ ሳጥኑን ሳትዘጊ እንዳትጀምሪ። ቀለም የሌለው ነጭ ብረት ከሆነ ግን ሌላ ሥራ ነው፣ አሁን አትግቢበት።

8 በ2 ሴንቲሜትር ስም በ0.1 መስመር፣ በ3000 ስፒድ ከ5 ደቂቃ ትንሽ ያልፋል። ማስቀመጡንና መጥረጉን ጨምረሽ አስቢው። እና ኮሚቴውን 31 ፔርሙዝ እንዲያመጡ ንገሪያቸው፤ አንዱ መሞከሪያሽ ነው፣ ሂሳቡም የነሱ ነው።